ሊኑክስ ያለበት ኮምፒውተር ዘበኛ ያስፈልገዋልን?

«ሊኑክስን ቫይረስ አይነካውም!» ይህን ቃል በኮምፒውተር ክበባችን ስብሰባ ላይ ቆሜ በታላቅ ድምፅ የተናገርሁት እኔ ነኝ። ጓደኞቼም አጨበጨቡልኝ። ዛሬ ግን በትምህርት ቤታችን መጽሔት ላይ ብዕሬን ያነሣሁት ያንን ቃሌን በከፊል ለመመለስ ነው። «በከፊል» ያልሁበትንም ምክንያት ከዚህ በታች እገልጣለሁ። አንባቢዎቼ፥ በተለይም የኮምፒውተር ነገር የሚሰለቻችሁ፥ ገጹን ሳትገልጡት ጥቂት ትታገሡኝ ዘንድ እለምናለሁ፤ ነገሩ የማሽን ነገር ብቻ አይደለምና።

አስቀድሜ የክርክሩን መነሻ ልንገራችሁ። በኮምፒውተር ክፍላችን ያሉት 12 ማሽኖች ያረጁ ናቸው። ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን የተለመደ ነጻ እድሳት ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቆመ። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የእኛዎቹ ማሽኖች ደግሞ ዊንዶውስ 11ን ለመሸከም ዐቅም አልነበራቸውም። ስለዚህ መምህራችን ፈቅደውልን እኛ የክበቡ አባሎች ሊኑክስ ሚንት የተባለውን ጫንንባቸው። ዋጋ አልጠየቀንም፤ ሞተዋል የተባሉት ማሽኖችም ተነሡ። በዚያ የደስታ ቀን አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አውጥታ፥ «አንቲቫይረስስ አንጭንባቸውምን?» ብላ ጠየቀች። እኔም ከላይ የጻፍሁትን መለስሁላት። እርስዋ ተቀመጠች፤ ጭብጨባው ግን ለእኔ ሆነ።

ለወላጆቻችን ጥቂት ማብራሪያ ሳያስፈልግ አይቀርም። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማለት የኮምፒውተሩን አካላት የሚያዝና ለሌሎቹ ፕሮግራሞች ሁሉ ቦታና ተራ የሚያድል ዋና ፕሮግራም ነው፤ በአንድ ትልቅ ቤት ውስጥ እንዳለ መጋቢ ልንቆጥረው እንችላለን። ዊንዶውስ አንዱ ነው፤ የአፕል ኩባንያ ማክ ሌላው ነው። ሊኑክስ ደግሞ ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተወላጅ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በ1991 የጀመረው፥ ከዚያም ወዲህ በዓለም ዙሪያ ያሉ አያሌ ሰዎች እየተጋገዙ ያሳደጉት ነው። ቫይረስ ማለት ራሱን እየገለበጠ ከፋይል ወደ ፋይል የሚተላለፍ ፕሮግራም ነው፤ ዛሬ ግን በልማድ ጎጂ የሆነውን ፕሮግራም ሁሉ ቫይረስ እንለዋለን፤ እኔም እንደ ልማዱ እሄዳለሁ። አንቲቫይረስ የታወቁ ሌቦችን መልክ በመዝገብ ይዞ በር ላይ የሚቆም ዘበኛ ነው። የሚገባውን ሁሉ ከመዝገቡ ጋር ያስተያያል፤ አንዳንዱም ዘበኛ አረማመዱ የሚያጠራጥረውን እንግዳ ያስቆማል።

የቀድሞው አሳቤ ያለ ምክንያት የተያዘ አልነበረም። አንደኛ፥ በሊኑክስ ተጠቃሚው ለዘወትር ሥራው ሙሉ ሥልጣን አይሰጠውም። ዋና ዋናዎቹን ፋይሎች ለመለወጥ ሲፈልግ የይለፍ ቃል ይጠየቃል፤ ስለዚህ በስሕተት የተከፈተ ጎጂ ፕሮግራም የቤቱን ምሰሶ በቀላሉ አይነቅልም። ሁለተኛ፥ ፕሮግራም የምናገኘው ከየድረ ገጹ እየለቃቀምን ሳይሆን በአብዛኛው ከአንድ ከታወቀ ማከማቻ ነው፤ ኮምፒውተሩም የማከማቻውን ዲጂታል ፊርማ፥ እንደ ማኅተም ያለውን ማለት ነው፥ ሳያረጋግጥ አይቀበልም። ሦስተኛ፥ ከኢንተርኔት የወረደ ፕሮግራም «ሥራ» የሚል ፈቃድ ካልተሰጠው በስተቀር እንዲሁ ስለ ነኩት ብቻ አይነሣም። አራተኛ፥ ጠረጴዛ ላይ በሚቀመጥ ኮምፒውተር በሊኑክስ የሚሠራው ሰው ከዊንዶውስ ተጠቃሚ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ ኪስ አውላቂም የሚሄደው ብዙ ሰው ወዳለበት ገበያ ነው።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን «ያስቸግራል» ማለትና «አይቻልም» ማለት አንድ አይደሉም። ታሪኩን እየመረመርሁ ባነበብሁ ጊዜ ይህን ልዩነት ተረዳሁት።

በግል ኮምፒውተሮች መካከል በሰፊው ከተሰራጩት የመጀመሪያዎቹ ቫይረሶች አንዱ የሆነው ኤልክ ክሎነር የተሠራው በ1982 ነው። ሠሪው ሪች ስክሬንታ የተባለ የ15 ዓመት አሜሪካዊ ተማሪ ነበር፤ የእኛ እኩያ ማለት ነው! ያን ጊዜ ዊንዶውስ ገና አልተወለደም፤ ቫይረሱ የኖረው አፕል ሁለት በተባለው ማሽን ላይ ሲሆን የሚጓዘውም ጓደኛ ለጓደኛ በሚዋዋሰው ዲስክ ነበር። በ1988 ኖቬምበር 2 ቀን ደግሞ ሮበርት ሞሪስ የተባለ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የለቀቀው ፕሮግራም ለሊኑክስ አርአያ የሆነው ዩኒክስ በሚሠራባቸው ማሽኖች ላይ ተሰራጨ። በኢንተርኔት ላይ ነበሩ ከተባሉት 60,000 ያህል ኮምፒውተሮች 6,000 ያህሉን እንዳወከ ተገምቷል። ከገባባቸው መንገዶች አንዱ ሰዎች የመረጡት ቀላል የይለፍ ቃል ነበር። ፍርድ ቤትም የ3 ዓመት የፈተና ጊዜ፣ የ400 ሰዓት የማኅበራዊ አገልግሎት ሥራና ከ10,000 ዶላር በላይ መቀጫ ፈረደበት።

ለሊኑክስ ለራሱ ስታኦግ የተባለው ቫይረስ በ1996፥ ብሊስ የተባለውም በ1997 ተገኙ። በሰፊው ሳይሰራጩ ቀሩ እንጂ አልተፈጠሩም ማለት አይቻልም። በ2012 ፍላሽባክ የተባለው ጃቫ በሚሉት ፕሮግራም ቀዳዳ ሾልኮ ከ600,000 የሚበልጡ የማክ ኮምፒውተሮችን ያዘ፤ «ማክ ቫይረስ አይዘውም» ሲሉ የኖሩትም እንደ እኔ አፈሩ። በ2016 ሚራይ የተባለው ሊኑክስ የሚሠራባቸውን የጥበቃ ካሜራዎችና የኢንተርኔት ራውተሮች እየፈለገ ያዘ። ቁልፉ ምን ነበር? ፋብሪካው የሰጠውና ባለቤቱ ያልለወጠው የይለፍ ቃል ነበር! በዚያው ዓመት ኦክቶበር 21 ቀን በእነዚህ ማሽኖች ጭፍራ ዳይን የተባለው ኩባንያ ስለ ተጠቃ ትዊተርን የመሳሰሉ ታላላቅ ድረ ገጾች ለብዙ ሰዎች ተቋርጠው ዋሉ።

«ሊኑክስን የሚጠቀም ጥቂት ስለሆነ ሌባ አይፈልገውም» የሚለውም ምክንያት ከጠረጴዛችን አያልፍም። ከ2017 ኖቬምበር ወዲህ በዓለም ፈጣን ከሚባሉት 500 ኮምፒውተሮች ዝርዝር ውስጥ ያሉት በሙሉ ሊኑክስ የሚሠራባቸው ናቸው። በኪሳችን የምንይዘው የአንድሮይድ ስልክ አስኳሉ ሊኑክስ ነው። እንግዲህ ገበያው ወዴት እንዳለ እናስተውል።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልመለስ። ጥር ወር ላይ የቡድን ሥራችንን አሳትመን የምናስረክብበት ቀን ደረሰ። ከመካከላችን አንዱ ጽሑፉን ከኢንተርኔት ቤት በፍላሽ ይዞ መጣ። እኔም ፍላሹን በኮምፒውተር ክፍላችን ሰክቼ ከፈትሁት። ከእያንዳንዱ ፎልደር ጎን ያንኑ ስም የያዘ አንዳንድ ትንሽ ፋይል አየሁ፤ የስሞቹም መጨረሻ ኤል፣ ኤን፣ ኬ የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደሎች ነበሩ። ይህ የዊንዶውስ ሾርትከት መሆኑን ዐውቃለሁ፤ እንዲህ ተደርድሮ ሲገኝ የቫይረስ ምልክት መሆኑንም ሰምቼ ነበር። ነገር ግን ሊኑክስ እንዲህ ያለውን ፋይል ስለማያንቀሳቅሰው «እኛን አይነካንም» ብዬ ሳቅሁ። ጽሑፉን አስተካክዬ ያንኑ ፍላሽ ይዤ ወደ ሰፈራችን ጽሕፈት ቤት ሄድሁ።

የጽሕፈት ቤቱ ባለቤት እኛ የሰፈሩ ልጆች «እትዬ» ብለን የምንጠራቸው እናት ናቸው። ኮምፒውተራቸው ዊንዶውስ ነው፤ አንቲቫይረሱም ከታደሰ ብዙ ጊዜ አልፎት ነበር። በእኛ ክፍል ግልጽ ሆነው የታዩኝ እውነተኞቹ ፎልደሮች በእርሳቸው ማሽን ተሰውረው አስመሳዮቹ ብቻ ስለ ታዩ፥ ፎልደር መስሏቸው ከፈቱት። ስድስት ገጽ ሥራችን ታተመልን፤ አመስግነን ወጣን። በማግስቱ ግን በዚያ ማሽን ላይ ፍላሽ የሰካው ደንበኛ ሁሉ ጽሑፉ የጠፋ መሰለው። ከእነዚያ አንዱ የሥራ ማመልከቻውን ከነማስረጃው ሊያሳትም የመጣ ወጣት ነበር፤ የመቀበያው የመጨረሻ ቀንም ያው ቀን ነበር። አጠገቡ የቆመ ሰው «ፎርማት ቢደረግ ይሻላል» ብሎ መከረው፤ ፍላሹም ፎርማት ተደረገ። ተሰውረው ብቻ የነበሩት ወረቀቶች ያን ጊዜ በእርግጥ ጠፉ። ሌላ ቅጂ አልነበረውም፤ ቀኑም አለፈ።

ይህን የሰማሁት ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ሄጄም «እትዬ፥ ያንን ነገር ያመጣሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኋቸው።

«ዐውቀህ ነው ያመጣኸው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አይቼው ነበር፤ ግን እኛ ዘንድ ጉዳት ስለማያደርስ ተውሁት» አልሁ።

ጥቂት ዝም አሉና፥ «ልጄ፥ ጉንፋን የያዘው ሰው እኔን አላሳለኝም ብሎ ሕፃን ይስማልን?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። ቅዳሜና እሑድ ቁጭ ብዬ ማሽናቸውን አጸዳሁ፤ የደንበኞቹንም ፍላሽ አንድ በአንድ እያየሁ የተሰወረውን አወጣሁ። ያንን ወጣት ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

እንግዲህ ከዚህ ተነሥቼ «በያንዳንዱ ሊኑክስ ላይ አንቲቫይረስ ይጫን» ልበልን? እንዲህ የሚሉ አሉ፤ አሳባቸውን አከብራለሁ፥ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። ለምን ቢሉ፥ ዘበኛ የሚያውቀው በመዝገቡ ያለውን ሌባ ነው። በ2024 የሆነውን እንመልከት። ኤክስዜድ የተባለውንና በአያሌ ሊኑክሶች ውስጥ የሚገኘውን የፋይል ማመቂያ ፕሮግራም የሚያዘጋጅ መስሎ የቀረበ አንድ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ በትሕትና እየሠራ አመኔታ ካተረፈ በኋላ በፕሮግራሙ ውስጥ ስውር በር አበጀ። ይህ ሌባ በአጥር የዘለለ አልነበረም፤ ቤተሰብ ሆኖ የገባ ነበር። ያጋለጠውም አንቲቫይረስ አይደለም። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ከሩቅ ወደ ማሽን መግባት ከወትሮው በግማሽ ሰከንድ ያህል እንደ ዘገየ አስተውሎ፥ «ይህ ስለ ምን ሆነ?» ብሎ በመመርመሩ ማርች 29 ቀን ገለጠው። ይህ ሰው የማይክሮሶፍት ሠራተኛ መሆኑ ደግሞ ሊኑክስንና ዊንዶውስን እንደ ሁለት የኳስ ቡድን ለምናየው ሁሉ ጥሩ ትምህርት ነው።

ዘበኛውም ራሱ ሊያሰናክል ይችላል። በ2024 ጁላይ 19 ቀን ክራውድስትራይክ የተባለው የጥበቃ ኩባንያ የላከው የተሳሳተ እድሳት 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ማሽኖችን አቆመ፤ በብዙ አገር የአውሮፕላን ጉዞና የሆስፒታል ሥራ ታወከ። ሌላም ምሳሌ ከቤታችን ልጨምር። በ2016 ፌብሩዋሪ 20 ቀን ሰርጎ ገቦች በሊኑክስ ሚንት ድረ ገጽ ገብተው ሰዎች የሚያወርዱትን ስውር በር ባለበት ሌላ ቅጂ ለውጠውት ነበር። የወረደውን የሚለየው ፊርማውን የሚያረጋግጥ ሰው ነው። እኛ በ12 ማሽኖች ላይ ስንጭን ይህን ማረጋገጥ «ጊዜ ይፈጃል» ብለን ዘልለነው ነበር። ክፉ ነገር አልደረሰብንም፤ ያልደረሰብን ግን በጥንቃቄያችን አይደለም። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የሚለው ተረት ለእኛም የተተረተ ነው።

ስለዚህ አሳቤን እንደሚከተለው አቀርባለሁ። በቤቱ ብቻውን በሊኑክስ የሚሠራ፥ ፕሮግራም ከታወቀው ማከማቻ ብቻ የሚጭን፥ እድሳቱን የማያዘገይ፥ የይለፍ ቃሉን የሚጠብቅና የጽሑፎቹን ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ቦታ የሚያስቀምጥ ሰው አንቲቫይረስ ባይኖረው አልወቅሰውም። እነዚህ ልማዶች የሌሉት ሰው ግን አንቲቫይረስ ቢኖረውም አይድንም። ከሌሎች ጋር ፋይል የሚለዋወጥ ማሽን ደግሞ፥ ማለት የትምህርት ቤት፣ የጽሕፈት ቤት ወይም ለብዙ ሰው ደብዳቤ የሚያስተላልፍ ኮምፒውተር፥ ሊኑክስም ቢሆን ዘበኛ ሊኖረው ይገባል። ዘበኛውም የሚቆመው ለራሱ ለማሽኑ ብቻ ሳይሆን ከእርሱ ወጥቶ ለሚሄደው ነገር ጭምር ነው።

ይህ አሳብ በወረቀት ላይ እንዳይቀር በክበባችን ሥራ ላይ አዋልነው። ክላምኤቪ የተባለ ነጻ አንቲቫይረስ አለ። ሲሠራ ከ1 ጊጋባይት በላይ ሜሞሪ ስለሚፈልግ በሁሉም አሮጌ ማሽኖቻችን ላይ ብንጭነው ኖሮ ባዘገማቸው ነበር። ስለዚህ በበሩ አጠገብ ባለው በአንዱ ላይ ብቻ ጫንነው። ማንኛውም ፍላሽ ወደ ክፍሉ ሲገባም ሆነ ሲወጣ እዚያ ይፈተሻል፤ መዝገቡም በየቀኑ ጧት ይታደሳል። መሥራቱን ለማወቅ ኢካር የተባለውን፥ ለመሞከሪያ ብቻ የተዘጋጀና ጉዳት የሌለበት ባለ 68 ፊደል ጽሑፍ በፍላሽ ላይ አድርገን ሰጠነው፤ ወዲያው አወቀው። በመጀመሪያው ሳምንት እውነተኛ ቫይረስ የተገኘበት የመጀመሪያው ፍላሽ የተማሪ አልነበረም፤ የማን እንደነበረ ግን በአክብሮት ዝም እላለሁ። መምህራችንም ከእኛ ጋር ስቀዋል።

ምናልባት አንዳንድ ጓደኞቼ፥ «ዊንዶውስ የሚጠቀም ሰው ራሱን ይጠብቅ፤ የእርሱን በር እኛ ለምን እንዘጋለን?» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፥ እትዬም አንቲቫይረሳቸውን ማሳደስ ነበረባቸው፤ ወጣቱም ሁለተኛ ቅጂ መያዝ ነበረበት። ነገር ግን የእነርሱ ጉድለት የእኔን አይሰርዝልኝም። ያየሁት እኔ ነበርሁ፤ ያለፍሁትም እኔ ነኝ። ነግ በእኔ ማለት ደግሞ ይገባል፤ በዓመቱ መጨረሻ ማመልከቻና ማስረጃ በፍላሽ ይዘን በየጽሕፈት ቤቱ የምንሰለፈው እኛው ነንና። ሌሎችም «ፍተሻው ሁለት ደቂቃ ያስቆመናል» ብለው ያጉረመርማሉ። ጅብ ከሄደ በኋላ ከሚጮኽ ውሻ ይልቅ ሁለት ደቂቃ የሚያስቆም ዘበኛ ይሻላል።

ለመምህራንና ለወላጆች የማቀርበው ልመና አጭር ነው። መምህራን ሆይ፥ ኮምፒውተር ስታስተምሩን ማሽኑን እንዴት እንደምናንቀሳቅስ ብቻ ሳይሆን ከእጃችን የሚወጣው ነገር ወዴት እንደሚደርስም አስተምሩን። ወላጆች ሆይ፥ የልጆቻችሁን ማስረጃና የቤተሰባችሁን ፎቶግራፍ በአንድ ፍላሽ ላይ ብቻ አታኑሩ፤ ዛሬ ማታ ሁለተኛ ቅጂ አስገልብጡ። ጓደኞቼ ሆይ፥ ክፍላችን ያለው ሊኑክስ መልካም ነገር ነው፤ ሆኖም መልካምነቱ ከኃላፊነት አያወጣንም።

ያቺ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ዛሬ በበሩ አጠገብ ያለው ኮምፒውተር ኃላፊ ናት። በስብሰባ ፊት የመለስሁላት መልስ ስሕተት ስለነበረ ይቅርታዬንም በዚሁ በሁሉ ፊት በሚነበብ መጽሔት እጠይቃታለሁ። ጥያቄዋ ትክክል ነበር። እኔ «ይነካናል ወይስ አይነካንም?» የሚለውን ብቻ ሰማሁ፤ «በእኛ በኩል አልፎ ማንን ይነካል?» የሚለውን አልሰማሁም። ፍላሽ ይዛችሁ ከክፍሉ ስትወጡ በበሩ አጠገብ ቆም በሉ፤ የፍተሻው ሁለት ደቂቃ ለእኔ በጥር ወር ያመለጠችኝ ሁለት ደቂቃ ናት።